ግራ በኩል የተበየደችው ብረት፦ የጅማ ባጃጅ በዜሮ ሞት ሚዛን

ጅማ ውስጥ የራሱ መኪና የሌለው ሰው፣ ይኸውም አብዛኛው ነዋሪ፣ ከእግሩ ቀጥሎ የሚተማመነው በባጃጅ ነው። ከአጂፕ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ከዚያም ወደ ኪቶ ፉርዲሳ የሚመላለሰው ሕዝብ በባጃጅ ይሄዳል፤ ነፍሰ ጡሯ ለክትትል፣ ተማሪው ለፈተና፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋም ከነዘንቢሏ ወደ ገበያ የሚደርሱት በዚሁ ነው። ስለ አገልግሎቱ ሲወራ ግን የሚነሣው ሁልጊዜ ሒሳቡ ነው፦ ታሪፉ ጨመረ፣ መልሴን ያዘብኝ፣ በኮንትራት ካልሆነ አልሄድም አለኝ። እኔ ሒሳቡን ለሌላ ጊዜ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለመመዘን ተነሣሁ፤ ተሳፋሪው፣ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛና ራሱ ሹፌሩ ማታ በሰላም ቤታቸው የሚገቡበት አገልግሎት ነው ወይስ በዕድል የሚገቡበት? ለዚህም ሦስት ሳምንት ያህል በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ እየተሳፈርኩ ማስታወሻ ያዝኩ። ባጃጅ ስል እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው ባለ ሦስት እግሩን ሁሉ ማለቴ ነው፤ ፋብሪካም ሆነ ማኅበር ለይቼ አልመዘንኩም።

ሚዛኑን የተዋስኩት ከስዊድን ነው። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 «ራዕይ ዜሮ» የተባለውን ፖሊሲ ሲያጸድቅ የተነሣው፣ ሰው በመንገድ ላይ መሞቱም ሆነ ዕድሜ ልክ የሚያሰናክል ጉዳት ላይ መውደቁ «የመጣ መጣ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም ከሚል አቋም ነው። ከፖሊሲው ዋና አርቃቂዎች አንዱ የሆኑት ክላስ ቲንግቫልና ባልደረቦቻቸው የያዙት ሐሳብ ሲነገር ቀላል፣ ሲሠራ ግን ከባድ ነው፦ ሰው ይደክማል፣ ይዘናጋል፣ ልጅም ኳሱን ተከትሎ ወደ አስፋልት ይሮጣል፤ ይህን ማስቀረት ስለማይቻል መንገዱን የሚሠራው፣ ተሽከርካሪውን የሚፈቅደውና ፍጥነቱን የሚወስነው አካል፣ ስሕተቱ ቢፈጸም እንኳ ነፍስ እንዳይጠፋ አድርጎ የማሰናዳት ግዴታ አለበት። ጥፋቱን ሁሉ በሹፌሩ ወይም በእግረኛው ላይ ደፍድፎ መሄድ በዚህ አስተሳሰብ አይቻልም።

የሰው አካል የሚችለው ኃይል ልክ አለው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ ፍሬን ሳይዝ አንድን ሰው ቢመታ፣ የግጭቱ ፍጥነት ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ ወድቆ መሬት ከመምታት ጋር እኩል ይሆናል፤ በ50 ሲሆን ከፍታው ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ጅማ ያደገ ሰው ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ እጁን የተሰበረና የዳነ ጓደኛ አያጣም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ የዳነ ግን ያለው ስንቱ ነው? ራዕይ ዜሮን የምር የያዙ ከተሞች እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት መንገድ ላይ 30ን ጣሪያ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛና አንድም ብስክሌተኛ ሳይሞትባት ዓመቱን ጨርሳለች፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መንገዶቿ በ30 የተገደቡት ሄልሲንኪም በ2025 ሐምሌ ላይ ያለ አንድ የትራፊክ ሞት አሥራ ሁለት ወር ደፍናለች። ስዊድን ራሷ ዜሮ ላይ አልደረሰችም፤ ነገር ግን በ1997 በመንገድ 541 ሰው ያጣች አገር በ2023 ያጣችው 229 ነው። በአንጻሩ ሳን ፍራንሲስኮ በ2014 ተነሥታ በ2024 ዜሮ እገባለሁ ብላ ነበር፤ ዓመቱ ደረሰ፣ ዜሮው ግን አልደረሰም። ዕቅድ ማጽደቅና መንገድ መለወጥ ለየቅል መሆናቸውን ከእርሷ መማር ይቻላል። ከእኛ አገር አዲስ አበባ በመንገድ ላይ የሚደርሰውን ሞት ለመቀነስ ያለመ፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ስትራቴጂ አውጥታለች። ጅማም ነገ እንዲህ ያለ ቃል ብትገባ ቃሏ መጀመሪያ የሚፈተነው በባጃጁ መቀመጫ ላይ ይመስለኛል።

ምዘናውን ከመሳፈርና ከመውረድ ልጀምር፤ ብዙ ያየሁት እዚያ ነው።

ባጃጅ በሁለቱም ጎኑ ክፍት ሆኖ የተሠራ ነው። እኛ የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ በቀኝ ጎኑ የወረደ ሰው የሚያርፈው የመንገዱ ዳር ላይ ሲሆን፣ በግራ ጎኑ የወረደ ደግሞ አስፋልቱ መሐል፣ ከኋላ በሚመጣው መኪና ፊት ነው። ይህን ተሳፋሪው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ሦስት ሰው ኋላ ተጨናንቆ በተቀመጠበት ባጃጅ ውስጥ በግራ ጥግ ያለው ሰው «ወራጅ አለ!» ሲል በቀኝ ለመውረድ ሁለት ሰው ማስነሣት፣ ከሁለቱም አንዷ ልጅ ያቀፈች ከሆነች ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ በግራ ግን እግሩን ዘርግቶ መውረድ ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ በግራ ይወርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ያላየሁበት አንድም ቀን አልነበረም፤ አንድ ቀን እኔም ራሴ፣ ማስታወሻ ደብተሬን በብብቴ እንደያዝኩ፣ ሳላስበው በግራ ወርጄ ከኋላዬ የጭነት መኪና ክላክስ ሲጮህ ደነገጥኩ። ሥርዓት አጥቼ አይደለም፤ መውጫው ክፍት ስለነበረ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ገበያው ደርቶ መርካቶ መፈናፈኛ ባጣበት ሰዓት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ግን ሌላ ነበር። በግራ ጎኑ፣ በተቀመጠ ሰው ደረት ትይዩ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ክብ ብረት ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ተበይዳለች፤ ከእርሷ ዝቅ ብሎ ሌላ ብረት አለ፣ በሁለቱ መካከልም ሰማያዊ የናይሎን ገመድ እንደ አልጋ ጠፍር ተጠላልፏል። የላይኛዋ ብረት ቀለሟ በተሳፋሪ እጅ ብዛት ለቆ መሐሏ ያብለጨልጫል። ከጎኔ በግራ ጥግ የነበሩት አዛውንት መውረጃቸው ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ዞረው ብረቷን ጨበጡ፣ ገፋ አደረጓትና ቆም አሉ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ «ሐጂ፣ በዚህ በኩል ይውረዱ፤ እዚያ በር የለም» አላቸው። እኛም ተነሣንላቸው፣ እርሳቸውም እየመረቁን ወረዱ። ብረቷን ማን እንዳዘዘው ስጠይቀው፣ ማንም እንዳላዘዘው፣ በራሱ ገንዘብ ብየዳ ቤት ወስዶ እንዳሠራት ነገረኝና «ሰው በስንቱ ይመከራል? እርሷ ትመክርልኛለች» አለኝ።

ስዊድኖች በመጽሐፍ ያስቀመጡትን ይህ ልጅ በብየዳ ሠርቶታል። ተሳፋሪውን አላስተማረውም፣ አልገሠጸውም፣ ማስታወቂያም አልለጠፈበትም፤ ስሕተቱን መፈጸም የማይቻል አደረገበት እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲያ በተሳፈርኩበት ሁሉ መጀመሪያ የማየው የግራ ጎኑን ሆነ፤ ብረት ያለው አለ፣ በሸራ ብቻ የተጋረደ አለ፣ ምንም የሌለው አለ። ሸራው ዝናብ ይከለክላል እንጂ ሰው አይከለክልም፣ ይባስ ብሎም ከኋላ የሚመጣውን ይጋርዳል። ይህን ያህል ቀላል ነገር በሹፌሩ በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ከአገልግሎቱ ጉድለቶች ሁሉ ያስገረመኝ ነው፤ ወጪው የአንድ ብረትና የአንድ ሰዓት ብየዳ ነውና።

ሁለተኛው ነገር የፊት መቀመጫው ነው። ባጃጅ ኋላ ሦስት ሰው እንዲይዝ የተሠራ ሲሆን የፊቱ መቀመጫ የሹፌሩ ብቻ ነው፤ በተግባር ግን በጠዋትና በመውጫ ሰዓት አንድ ሰው፣ አንዳንዴም ሁለት፣ በሹፌሩ ግራና ቀኝ በግማሽ ዳሌ ይለጠፋል። እኔም ሞክሬዋለሁ። አንዱ እግሬ ውስጥ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ ነበር፤ አንድ እጄ በሹፌሩ ጀርባ አልፎ ብረት ይዟል። ሹፌሩ አደባባይ ላይ ለመዞር መሪውን ሲጠመዝዝ ጫፉ ጉልበቴን ገፋኝና እግሬን እስካነሣለት ድረስ መሪው አልዞረም። ያቺ ቅጽበት አጭር ናት፤ ነገር ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ በ50 ደግሞ ወደ 14 ሜትር፤ የእኔ ጉልበት ለመነሣት የወሰደው ጊዜ እዚህ ውስጥ መቆጠር አለበት። በዚያ ላይ ፊት ለፊት ግጭት ቢኖር ከእኔና ከመስታወቱ መካከል ያለው አየር ብቻ ነው፤ ቀበቶም የለ።

ትርፍ መጫን የሹፌሩ ስግብግብነት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከዚህ በፊት እንደዚያው አስብ ነበር። ከሹፌሮች ጋር ቆሜ ሳወራ ግን ሒሳቡ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ብዙዎቹ የሚነዱት የሰው ባጃጅ ነው፤ ማታ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስረክባሉ፣ ነዳጁ ከእነርሱ ነው፣ የተረፈው ደግሞ የእንጀራቸው ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ የዋለ ልጅ ከሰዓት በኋላ የሚሠራው የቀረችውን ሰዓት በፍጥነትና በትርፍ ሰው ለማካካስ ነው። የቀን ገቢው ቋሚ እስከሆነ ድረስ ከሹፌሩ ዝግታ መጠበቅ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል መጠየቅ ማለት ነው፤ እኛ ተሳፋሪዎችም ብንሆን ዝናብ ሲጥልብን «ጠጋ በሉ፣ እኔንም ጫኑኝ» እያልን የምንለምነው እኛው ነን። ትራፊክ ፖሊስ ሹፌሩን ሲቀጣው የቀን ገቢው አይቀነስለትም፤ ቅጣቱንም ለማካካስ ያው ይሮጣል። ከተማው የዜሮ ዕቅድ አወጣ ቢባልና ይህን የባለንብረትና የሹፌር ውል ባይነካ፣ ዕቅዱ ዋናውን ምክንያት ሳያየው አለፈ ማለት ነው።

ፍጥነቱን በስልኬ እየለካሁ ነበር። መሐል ከተማ፣ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባለው መጨናነቅ ባጃጁ ቢፈልግም ከ30 እምብዛም አያልፍም፤ እዚያ መጨናነቁ ራሱ ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል። መንገዱ ሰፋ፣ አስፋልቱም ለስለስ ሲል፣ ለምሳሌ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው በኩል፣ ያው ሹፌር ያው ባጃጅ ከ40 ዘልሎ ሲሄድ አየሁ፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው የሚያቋርጡትም በዚያው መስመር ላይ ነው። መንገድ ሲሰፋና ሲያምር ሹፌሩ ባይነገረውም እጁ ይረዳዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት ግጭት ዕድል በአራት በመቶ ያህል እንደሚጨምር ያስቀምጣል። ስለዚህ የዜብራ ቀለም ማደስ ብቻውን አይበቃም። ዜብራው ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ቢሠራ ባጃጁም ሚኒባሱም ወደዱም ጠሉም ይቀዘቅዛሉ፤ ብረቷ በግራ የሠራችውን ጉብታው በመንገዱ ላይ ይሠራዋል።

የጅሬኑ ቁልቁለት ለብቻው መነገር አለበት። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ላሳይ ብዬ ወጥቼ ስንመለስ የያዝነው ሹፌር ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ሞተሩን አጠፋና ማርሹን ነፃ አድርጎ ለቀቀው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ዝምታው ደስ ይላል፣ የወፍ ድምፅ ይሰማል፣ እንግዳዬም ፎቶ ማንሣት ጀመረ። እኔ ግን ክብደታችንን በሙሉ የያዘው ፍሬኑ ብቻ እንደሆነ ሳስብ ምራቄ ደረቀብኝ፤ በማርሽ የሚወርድ ተሽከርካሪን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ነፃ የተለቀቀ ግን ፍሬኑ በሞቀ ቁጥር መያዣው ይደክማል። ሞተሩን እንዲያስነሣ ስለምነው «አይዞህ ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ» አለኝና እንደ ውለታ አስነሣው። ኩርባው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ የማይናወጠው አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ነው፤ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ተሽከርካሪ ግን እየዞረ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ስለሚሄድ የመገልበጥ ጠባይ አለው። ለቁልቁለት ባጃጅን አልመክርም፤ ሚኒባስ ካለ እርሱን መጠበቅ፣ ከሌለም ከመነሣት በፊት «በማርሽ ነው የምትወርደው» ብሎ መስማማት ይሻላል።

ስለ ዝናብና ስለ ሌሊት ብዙ አልጽፍም። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ሸራው ይወርዳል፣ መስታወቱ ከውስጥ ይተናል፣ ሹፌሩ በአንድ እጁ በጨርቅ እየወለወለ በሌላው ይነዳል። በምሽት ከተሳፈርኩባቸው መካከል የኋላ መብራት የሌላቸው፣ ፍሬቻቸውም የማይበራ አጋጥመውኛል፤ እነዚህን ወርጄ ከኋላ ስላየሁ ነው ያወቅኩት፣ የተቀመጠ ሰው አያያቸውም።

ከፊት መስታወቱ ላይ ግን አንድ የሚታይ ነገር አለ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህን መድን እንዲይዝ ያስገድዳል፤ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰውም በማንኛውም የጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ጣሪያው አዋጁ ሲወጣ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ባመለጠ ተሽከርካሪ ለተጎዳም ካሣ የሚከፍል ፈንድ አለ። ይህን የሚያውቅ ተሳፋሪ ብዙም አላገኘሁም፤ ብዙዎቹ ተለጣፊውን ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ወረቀት ብቻ አድርገው ነው የሚያዩት። ያም ሆኖ የተሰበረ ጭን በአስቸኳይ ሕክምና ብቻ አይጠገንም። ራዕይ ዜሮ ከሞቱ እኩል ከባድ ጉዳቱን የሚቆጥረውም ለዚህ ነው፤ በጉልበቱ ቡና ተሸክሞ የሚያድር ሰው እግሩ ከተሰበረ ወራቱን በሙሉ የሚተኛው እርሱ ብቻ አይደለም፣ ቤቱ በሞላ ነው።

ለፍትሕ ሲባል የአገልግሎቱን በጎ ጎን መዝለል አይገባም። ባጃጅ በዓይነቱ ቀላልና ፍጥነቱም የተወሰነ ስለሆነ እግረኛን ቢመታ ከጭነት መኪና ጋር አይወዳደርም፤ ሹፌሩም ለተሳፋሪው ቅርብ ነው፣ «ቀስ በል ወንድሜ» ሲባል በአብዛኛው ይሰማል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በል ብዬው የተቆጣኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ልጅ ያቀፈችን እናት መሐል ላይ እንድትቀመጥ የሚያደርጉ፣ አረጋዊን እስከ ደጅ ድረስ የሚያደርሱ ሹፌሮችም ብዙ ናቸው። ይህ ትሕትና ከተማዋ ያላት ሀብት ነው። በዚህኛው ሚዛን ላይ ግን ነጥብ የሚሰጠው ሹፌሩ ክፉ በሆነበት ወይም በደከመበት ቀንም ለሚሠራው ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ብረቱ፣ ጉብታው፣ መብራቱና የቀን ገቢው ውል ነው።

እንደዚያ ሲታይ ከአምስት ሁለት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ለዝግታው፣ አንዱን ለብረቷ። የግራ ብረት ግዴታ ሆኖ፣ የፊት መቀመጫው በእውነት የሹፌሩ ብቻ ቢሆን፣ መውረጃውም «ወራጅ አለ» በተባለበት ሁሉ መሆኑ ቀርቶ በየሰፈሩ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በተዘጋጀ መቆሚያ ቢሆን፣ ሳልከራከር ወደ አራት አወጣዋለሁ። ከእነዚህ አንዱም የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። አምስተኛውን መንገዱ እስኪለወጥ አቆየዋለሁ።

ትናንት ማታ አጂፕ ቆሜ ወደ ቤቴ የሚሄድ ባጃጅ ስጠብቅ ሦስት መጡ፤ ሦስቱም ባዶ ነበሩ፣ የሦስቱም ግራ ክፍት። ተራ አስከባሪው «ጋሼ፣ ምን ሆንክ፣ አትሳፈርም እንዴ?» እያለ ግራ ገባው። አራተኛው ሲመጣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ብረቷ አለች፤ ገመዷ ቀይ ነው። ገባሁ።